ሣሩ ሳይጠወልግ

ካሱን በአርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ የሚጠላው ሰው አልነበረም፤ ነገሩ ሁሉ የተበላሸውም በዚሁ ነው። ሰው ሁሉ የሚወደው ወንድ ለአንዲት ሴት ሳይተርፍ ይቀራል። "ጨዋ ልጅ" ይሉታል። ሲሰድቡት ዝም ይላል፣ ሲጋፉት ዞር ይላል። ጀልባውን የሚያስርበትን ቦታ ሌላ ሰው ቀድሞ ቢይዝበት "ግድ የለም" ብሎ ራቅ ካለው ጭቃ ላይ ሄዶ ያስራል። ሽማግሌ በመንገድ ሲያልፍ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጦ እንኳ ብድግ ለማለት ይሞክራል። እናቶች ለልጆቻቸው ምሳሌ ያደርጉታል። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ምሳሌ የሚሆን ሰው ለትዳር አይመረጥም። ሰሊሆም ግን አልጠየቀችኝም።

ሰሊሆም የጋሽ ተክለወልድ ሁለተኛ ልጅ ናት። ጋሽ ተክለወልድ የጫሞ ሐይቅን ዓሣ በበረዶ እያስጫኑ አዲስ አበባ ድረስ የሚልኩ፣ ጀልባም መረብም ሠራተኛም ያላቸው፣ ሲያስነጥሳቸው ሐይቁ ዳር ያለ ሰው ሁሉ "ይማርዎ" ለማለት የሚሽቀዳደምላቸው ነጋዴ ናቸው። ልጅቷ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ ሥራ እስክታገኝ በአባቷ የዓሣ መረከቢያ ሚዛኑ አጠገብ ትቀመጣለች። ከአባቷ የወረሰችው መልካቸውን ሳይሆን ቁጣቸውን ነው። የፈለገችውን ነገር ትኩር ብላ ታየዋለች እንጂ ዓይኗን አትሰብርም።

ካሱ ደግሞ ተራራው ላይ ካለው ከኦቾሎ መንደር የመጣ የሸማኔ ልጅ ነው። መረብ የለውም። ያለው አንድ አሮጌ ጀልባና አንድ ረጅም ሲባጎ ነው፤ ሲባጎው ላይ ከላይ እስከ ታች፣ በየክንዱ ርቀት፣ መንጠቆ ያላቸው የውሸት ዓሣዎች ታስረውበታል። እንጨት ጠርቦ፣ ቆርቆሮ አልብሶ፣ ጅራታቸውን አባቱ ዱንጉዛ የሚባለውን የጋሞ ልብስ ሸምነው በተረፋቸው ቀይና ቢጫ ክር እየጠመጠመ የሚሠራቸው ራሱ ነው። ከሲባጎው ጫፍ ብረት ያስርና አዞዎች ፀሐይ ከሚሞቁበት ከአዞ ገበያ ማዶ፣ መረብ ወደማይወርድበት ጥልቅ ውሃ ቀዝፎ ይጥለዋል። ብረቱ ጭቃውን ሲነካ አንድ ክንድ ከፍ ያደርገውና ቀስ እያለ ያንቀጠቅጠዋል። ትልልቁ ነጭ ዓሣ የሚውለው እዚያ ታች ነው።

የሥራው ብልሃት፣ አንዱ ሲያዝ ቶሎ አለመጎተት ነው። የተያዘው ዓሣ ሲታገል ከላዩ ያሉትን የውሸት ዓሣዎች ያወዛውዛቸዋል፤ ያንን ያየ ሌላ ነጭ ዓሣ ደግሞ ይመጣና ይውጣል። ችኩል ሰው አንድ ይዞ ይመለሳል፣ የታገሠ ግን ጀልባው እስኪያዘነብል ይጭናል። ካሱ የታገሠ ነበር። ይህ ልጅ ለዓሣ የነበረውን ትዕግሥት ሲሶውን ለሰው ቢያደርገው ኖሮ ይህን ታሪክ ባልጻፍኩት ነበር።

"ዓሣው ምን ነካው ይሄን የሚውጠው?" አለችው ሰሊሆም መጀመሪያ ያናገረችው ዕለት፣ ከውሸት ዓሣዎቹ አንዱን በጅራቱ አንጠልጥላ። "ቀሚስ የለበሰ ዓሣ አይቶ ያውቃል?"

"አያውቅም። ለዚህ ነው የሚመጣው" አላት መሬት መሬቱን እያየ።

"አንተስ? ቀሚስ የለበሰ ሰው አይተህ አታውቅም? ቀና በል እንጂ!"

ቀና አለ። ከሚዛኑ ላይ የዓሣ ውሃ ይንጠባጠባል፣ ከውጭ የጭነት መኪናው ሞተር ይጮኻል፣ እነሱ ግን ተያዩ። ከዚያ በኋላ ሰሊሆም ክሩን ራሷ ትጠመጥምለት ጀመር። እሱ ኦቾሎ ሲወጣ ክር ይዞላት ይወርዳል፤ እሷ ሚዛን ሥር ደብቃ ትጠመጥማለች፤ ሲረከብ ጣቶቻቸው ይነካካሉ። ይሄው ነበር ፍቅራቸው። እንዲህ ያለ ፍቅር ቀልድ ለሚመስለው ሰው፣ በክር የተነካ ጣት ምን ያህል እንደሚያቃጥል አያውቅም ማለት ነው።

ሲቀላ ደግሞ ሁለት ሰዎች መዋደዳቸውን ከሁለቱ ቀድማ የምታውቅ ሰፈር ናት። ጋሽ ተክለወልድ ሰሙ። ምንም አላሉም። ጋሽ ተክለወልድ ዝም ሲሉ መጥፎ ነው።

ከዚያ በኋላ በአንዱ ማለዳ እሳቸው ራሳቸው መረብ ለማየት ከቀዛፊያቸው ጋር ወጡ። ነፋስ ተነስቶ ጀልባቸውን ወደ ጥልቁ ገፋውና የመረባቸው የታች ገመድ ከካሱ ሲባጎ ጋር ተጠላለፈ። ካሱ በዚያች ሰዓት ከታችኛው መንጠቆ ላይ አንድ ከባድ ዓሣ ይዞ ነበር።

"ጋሼ፣ እባክዎ አይጎትቱት!" ብሎ ጮኸ። "ላላ ያድርጉልኝ፣ እኔ እፈታዋለሁ!"

"ምኑን ነው ላላ የማደርግልህ?" አሉ ጋሽ ተክለወልድ ሲባጎውን ከውሃው ላይ ቀልበው እጃቸው ላይ እየጠቀለሉ። አንዱ የውሸት ዓሣ ቀይ ጅራቱን እያርገበገበ ወጣ። እሱን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። "ከሸማ ቤት ወጥተህ ሐይቁንም ልትሸምነው ነው? ይሄን ቀይ ክር የማን እጅ እንደጠመጠመው የማላውቅ መሰለህ? ልጄን በጨርቃ ጨርቅ ልትጠልፍ!"

ጎተቱ። ሲባጎው በካሱ መዳፍ ውስጥ ሮጠና ባዶ የነበረው የመሐል መንጠቆ እጁ ውስጥ ገባ። በዚህ ዓይነት ሲባጎ የሚሠራ ሁሉ በሕልሙ የሚፈራው ይህንን ነው፤ ከታች ዓሣው ይጎትታል፣ ከላይ ሰው ይጎትታል፣ መሐል ላይ ያለው መንጠቆ ማንንም አይለይም። ካሱ በጀልባው ጠርዝ ላይ ተዘርግቶ እጁ ወደ ሁለት ተወጠረ። ጋሽ ተክለወልድ አንዴ ደግመው ጎተቱ። መንጠቆው መግባቱን አይተው ነበር ወይ? እሳቸው አላየሁም ይላሉ። ቀዛፊያቸው ግን አይተዋል ባይ ነው።

ሲባጎውን በቢላ የቆረጠው ቀዛፊው ነው። ካሱ እጁን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ደሙ እየወረደ፣ ፊቱ አመድ መስሎ ምን አለ መሰላችሁ?

"ግድ የለም ጋሼ።"

ሰሊሆም ይህን ስትሰማ የምትይዘውን አጣች። አባቷን መግደል አማራት፤ ካሱንም በጥፊ ማጮል አማራት።

ደም በጋሞ ቀላል ነገር አይደለም። በሁለት ቤት መሐል ደም ፈሶ ሳይታረቅ ከቀረ መዘዝ አለው፤ ጎሜ ይሉታል። የጋሽ ተክለወልድ መረብ ከዚያ ቀን ጀምሮ ባዶውን ይወጣ ጀመር። ነፋሱ ነው፣ ውሃው ቀዝቅዞ ነው ቢሉም የሚሰማቸው ጠፋ። ሠራተኞቻቸው ተሰብስበው "ጋሼ፣ ይህ ልጅ ሳይታረቅ እኛ በእርስዎ ጀልባ አንወጣም" አሏቸው። ቁጡ ሰው ባዶ ጀልባ ላይ ተቀምጦ ማንን ይቆጣል?

ሰሊሆም ጊዜው አሁን መሆኑን አወቀች። አባቷ ምሳ ላይ ሳሉ ከፊታቸው ቆመች።

"ሽማግሌ ትልካለህ አባዬ። የምትልከው ደግሞ ባዶ እጁን አይሄድም።"

"ምን ይዞ ይሂድ ነው የምትይው?"

"እኔን።"

ጋሽ ተክለወልድ ጉርሻቸውን ሳይውጡ አዩዋት። ጮኹ፣ ሳህን ገፉ፣ ሙት እናታቸውን እየጠሩ ማሉ። እሷ ንቅንቅ አላለችም። ቤቱ ቀኑን ሙሉ ሲታመስ ውሎ በማግሥቱ ደክሟቸው "እሺ" አሉ። አንድ ነገር ግን ጠየቋት። "ሽማግሌ የያዘው ነገር ቀድሞ አይወራም። አባቶቻችን እንዲህ ነው ያቆዩን። ሽማግሌ አፉን እስኪከፍት ድረስ ለዚያ ልጅ አንዲት ቃል ብትተነፍሺለት፣ እኔ የለሁበትም።"

ሰሊሆም ስልኳን ዘግታ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ጥቂት ቀን ብቻ ነው አለች ለራሷ። ደስታዋን ብቻዋን ይዛ ክፍሏ ውስጥ ስትንጎራደድ፣ በሌላው በኩል ሰው እየሞተ መሆኑ ትዝ አላላትም።

ካሱ የሚኖረው በአስፋልቱ ዳር ዓሣ ኮተሌት የሚሸጡት እትዬ በለጥሽ ግቢ ውስጥ፣ ተከራይቶ ነው። እጁ ታስሮ፣ በደኅነኛው እጁ ስልክ እየነካካ ይውላል። "የደወሉላቸው ደንበኛ..." የምትለዋን ሴትዮ ድምፅ ጠላ። መጀመሪያ ስልኳ ተበላሽቶ ነው አለ። ቀጥሎ አባቷ ቀምተዋት ነው አለ። በመጨረሻ፣ ሰው ብቻውን ሲቀር የሚያስበውን ክፉ ሐሳብ አሰበ፤ ትታኝ ነው አለ።

እትዬ በለጥሽ የቃሪያውን ዳጣ እየፈጩ ቀና አሉና "ሽማግሌ ሊመጣብህ ነው እየተባለ ነው" አሉት። "ከጋሽ ተክለወልድ ቤት። ሣር ይዘው።"

ካሱ ነገሩ ሁሉ የገባው መሰለው። ጋሽ ተክለወልድ ይህን አድርገው ያውቃሉ። የሰሊሆምን ታላቅ እህት ፌቨንን የወደደ ኢሳያስ የሚባል አስተማሪ ነበር፤ ሀብት የሌለው፣ ግን አንገቱን የማይሰብር ልጅ። ጋሽ ተክለወልድ ልጄን ይተውልኝ ብለው ሽማግሌ እርጥብ ሣር አስይዘው ላኩበት። ልጁ ፌቨንን ትቶ ወደ ምዕራብ ዓባያ ሄደ፤ እስካሁን እዚያው ያስተምራል።

በጋሞ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ከፊቱ የተንበረከከበት ሰው ያንን ሣር ተሻግሮ አይሄድም። ወጣቱ ዱላና ድንጋይ ይዞ ሲግተለተል እንኳ ሣሩን ሲያይ ይቆማል። የተለመነ ሰው ቢከራከር፣ ቢያለቅስ፣ ሣሩ በሽማግሌው እጅ ላይ እስኪጠወልግ ድረስ እምቢ ቢል ማንም አይፈርድበትም። በመጨረሻ እሺ ይላል። እሺ ያለውን ግን መልሶ መብላት የለም።

ካሱ ቀን ከሌት የሚለውን አዘጋጀ። ሲለምኑት አያለቅስም። ሲያዋርዱት አይጠብቅም። ሳይወስዱበት ይሰጣቸዋል። ይህ ሐሳብ ኩራት እንደሆነ አልታወቀውም፤ ጨዋነት መሰለው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ በእትዬ በለጥሽ ግቢ ገቡ። ሰሊሆም ግን ከእነሱ ቀድማ በጓሮ በኩል ገብታ ማድ ቤቱ ውስጥ ከበሩ ጀርባ ቆማ ነበር። ፊቱን ማየት ፈልጋ ነው። "ተሰጥታሃለች" ሲሉት ምን እንደሚመስል፣ እንደ ልማዱ መሬት መሬቱን እንደሚያይ ወይስ ቀና እንደሚል ልታይ ነው የመጣችው። እትዬ በለጥሽ "እንዳትስቂ፣ ይሰሙሻል" እያሉ ትከሻዋን ይይዟታል።

ከፊት የነበሩት አባባ ሰይፈሥላሴ ናቸው፤ የካሱ የክርስትና አባት። ጋሽ ተክለወልድ ልጁ እምቢ የማይላቸውን ሰው መርጠው ነው የላኩት። እኚያ ሽማግሌ፣ ጉልበታቸው ቤተ ክርስቲያን ደረጃ ላይ የሚንቀጠቀጠው፣ ሣሩን በሁለት እጃቸው ይዘው ቀስ ብለው መንበርከክ ጀመሩ።

ካሱ ሮጦ ክንዳቸውን ያዘ።

"አባባ፣ ለእኔ አይንበርከኩ! በእግዜር!"

"ተው ልጄ። አንተ ስማን መጀመሪያ።"

"መስማት አያስፈልገኝም። የመጣችሁበትን አውቄዋለሁ።" ድምፁ አልተንቀጠቀጠም፤ ይህን በደንብ ተለማምዶታል። "ለሣሩ ስል፣ ለእርስዎም ስል፣ ትቻታለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ሰሊሆም እህቴ ናት። በሣሩ ፊት ብያለሁ።"

አባባ ሰይፈሥላሴ በግማሽ ጉልበታቸው እንደቆሙ ቀሩ። የቀሩት ሽማግሌዎች እርስ በርስ ተያዩ።

"ምን አልክ አንተ ልጅ?" አሉ አባባ። "ማንን ተውኩ አልክ?"

"ሰሊሆምን።"

"ማን ተዋት አለህ?" ሽማግሌው ሣሩን ደረታቸው ላይ አስጠግተው ልጅ የሞተባቸው ያህል አዩት። "እኛ የመጣነው ለእጅህ ነው። ለደሙ። 'ተክለወልድ አጥፍቷል፣ ይቅር በለው' ልንልህ ነው። አንተ ይቅር ስትል ደግሞ፣ አባትየው ልጁን ሰጥቶሃል፣ ደግሰህ ውሰድ ልንልህ ነው። ምነው አፋችንን እስክንከፍት ብትጠብቅ? ምነው ልጄ?"

ካሱ የታሰረች እጁን ወደ አፉ ወሰዳት። የማድ ቤቱ በር ተከፈተና ሰሊሆም ወጣች። ነጭ ቀሚስ ለብሳለች። ፀጉሯን ተሠርታለች። ካሱ ሲያያት የተናገረው ቃል ክብደት ያኔ ወደቀበት።

"እንደምን አደርክ ወንድሜ?" አለችው።

"ሰሊሆም..."

"ወንድሜ አይደለህ? አሁን አልክ እኮ። ሰማሁ።"

"አላወቅኩም! ስልክሽን ዘጋሽብኝ። እንደ ኢሳያስ ሊያደርጉኝ ነው ብዬ..."

"ኢሳያስን አትጥራው!" ድምፅዋ ግቢውን ሞላው። "ኢሳያስ ለፌቨን ሲል ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ፣ ሣሩ እጃቸው ላይ እስኪደርቅ እምቢ ብሏል። በመጨረሻ ያለቀሱት ሽማግሌዎቹ ናቸው። እሱ እንኳ ተለምኖ ነው! አንተ ሳትጠየቅ ሰጠኸኝ። ጀልባ ማሰሪያ ነኝ እንዴ፣ ግድ የለም ብለህ የምትለቀኝ?"

"ላንቺ ብዬ ነው። ከአባትሽ ጋር እንዳትጣዪ።"

"ከአባቴ ጋር ተጣልቼ፣ አሸንፌ፣ ጨርሼ ነው የመጣሁት። አንተ የቀረህ አንድ ነገር ዝም ማለት ብቻ ነበር። ዕድሜህን በሙሉ ዝም ስትል ኖረህ፣ ዛሬ ብቻ ቀድመህ ተናገርክ።"

አባባ ሰይፈሥላሴ በመካከላቸው ገቡ። "ልጆቼ፣ ሽማግሌ ያሰረውን ሽማግሌ ይፈታዋል። ቃሉ ከባድ ነው፣ እህቴ ብሏል፤ ግን መፍቻ አለው። በግ ይታረዳል፣ እንጸልያለን፣ ይነሳል።"

"ቃሉን ትፈቱት ይሆናል አባባ" አለች ሰሊሆም። "እሱን ምን ታደርጉታላችሁ?"

ወጣች። ካሱ እስከ ግቢው በር ድረስ ተከተላት። በሩ ላይ ሲደርስ መንገዱ ላይ ሰው ስለነበረ ቆመ። ሰው ፊት ሴት ተከትሎ መሮጥ ነውር ነዋ! እሷ ግን እርምጃዋን አዝግማ እስከ አስፋልቱ ድረስ የጫማውን ድምፅ ከኋላዋ ስትጠብቅ ነበር። የጠበቀችው ድምፅ ሳይመጣ ቀረ።

ጋሽ ተክለወልድ ነገሩን ሲሰሙ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ካሱ እኮ በዚያው ዕለት በሽማግሌዎቹ ፊት ለእጁም ይቅርታ አድርጎላቸዋል፤ ያንንም ቢሆን ሳያስለምን። ሠራተኞቹ ወደ ጀልባው ተመለሱ። መረቡም ሞልቶ ይወጣ ጀመር። "ሳልጠይቀው መለሰልኝ!" ይላሉ ጋሽ ተክለወልድ ሚዛኑ አጠገብ ለመጣው ሁሉ፣ ልጃቸው እዚያው ተቀምጣ። "ልጄን ልስጠው ብዬ ብልክበት እሱ አልፈልግም ብሎ መለሰልኝ! እንዴት ያለ ጨዋ ነው እናንተ!" ዓሣ ሻጮቹ ይስቃሉ። ሰሊሆም የሚዛኑን ድንጋይ ታነሳለች፣ ታስቀምጣለች። ማንም ሰው ፊት አላለቀሰችም።

ካሱስ? ሽማግሌ ላከ። እሷ መለሰቻቸው። እትዬ በለጥሽን ላከ። እሳቸውንም መለሰቻቸው። ራሱ ደግሞ በየቀኑ ከመረከቢያው ማዶ፣ ከሙዝ ነጋዴዎቹ አጠገብ ይቆማል። ጋሽ ተክለወልድ በሩ ላይ ስለሚቀመጡ አይገባም፤ እሷ ቀና ስትል አንገቱን ይደፋል። ይህችን ልጅ የገደላት ይህ ነው። በሣሩ ፊት የተናገረውን ይቅር ለማለት እየከጀላት ነበር፤ ይህን እኔ አውቃለሁ። በየማለዳው "ዛሬ ይገባል" ትላለች። በሩን በርግዶ፣ አባቷን ገፍትሮ፣ ሚዛኑን ገልብጦ "የኔ ናት!" ቢል ኖሮ፣ በግም ጸሎትም ባላስፈለገ ነበር። እሱ ግን ቆሞ ያዝናል። ማዘኑን ሰው ሁሉ አይቶ ይበልጥ ወደደው።

አንድ ቀን ማለዳ አስጋሪዎቹ ጀልባ እያወጡ ሳሉ ሰሊሆም በሐይቁ ዳር መጣች። ካሱ እጁ ሽሮለት ለመጀመሪያ ጊዜ ሊወጣ ሲባጎውን እያዘጋጀ ነበር። ጎንበስ ብላ ከውሃው ዳር ያለውን ለምለም ሣር በእጇ ነጨች። በመጀመሪያ ምን እንደምታደርግ የገባው ሰው አልነበረም። ከዚያ ካሱ ፊት ስትደርስ፣ ሣሩን በሁለት እጇ ይዛ ጭቃው ላይ ተንበረከከች።

መቅዘፊያ የያዘ ሁሉ መቅዘፊያውን እንደያዘ ቀረ። ሽማግሌ ሲንበረከክ ያላየ የለም፤ የሃያ ምናምን ዓመት ልጅ ስትንበረከክ ግን ያየ አልነበረም።

"ሰሊሆም፣ ምን እያደረግሽ ነው? ተነሺ! ሰው እያየ!"

"ሰው ይይ" አለች። "ባለፈው ማንም ሳይጠይቅህ ነው የሰጠኸው። አሁን እኔ ልጠይቅህ። አስጨርሰኝ።"

ውሃው እየመጣ የጉልበቷን ዙሪያ ያረጥባል።

"ከዚህ ሐይቅ ሂድልኝ። ከአርባ ምንጭም ውጣ። ሁለተኛ ፊትህን እንዳላይ፤ ከማዶ ቆመህም እንዳታየኝ። በዚህ ሣር ለምኜሃለሁ።"

አፏ ይህን ይላል። ዓይኗ ግን፣ ያቺ የፈለገችውን ትኩር ብላ የምታይ ዓይን፣ እሱ ላይ ተተክሎ ሌላ ነገር ይለምን ነበር። እምቢ በል ነው የሚለው። ለእኔ ባትል ለሐይቁ፣ ለሐይቁ ባትል ለእንጀራህ፣ አንዴ፣ በዕድሜህ አንዴ እምቢ በለኝ። ሣሩን ከእጄ ነጥቀህ ውሃ ውስጥ ጣለው። ተራግመህ፣ ጮኸህ፣ እየጎተትክ አንሳኝ። ይህን ለማግኘት ነው ጭቃ ላይ የተንበረከከችው። ሌላው ሁሉ ውሸት ነው።

ካሱ አያት። ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ተነስቶ እስከ ከንፈሩ መጣ። ሰሊሆም አየችው፤ ትንፋሿን ያዘች። አስጋሪዎቹም ያዙ። ከዚያ ዙሪያውን አየ፤ የቆሙትን ሰዎች፣ እጇ ላይ ያለውን ሣር። አንድ ደግ ሰው ሊያደርግ የሚገባውን አሰበ። ካልፈለገችኝ እንዴት አስገድዳታለሁ አለ በልቡ። በሣር ለምናኝ እንዴት አሳፍራታለሁ አለ። ያኔም እንኳ እሷን መውደድ ማለት ይህ መሰለው።

ጎንበስ ብሎ ሣሩን ከእጇ በክብር ተቀበላት። እጁ መሐል ያለው ጠባሳ ገና ቀይ ነበር።

"ተነሺ" አላት ቀስ ብሎ። "እሺ። ተቀብያለሁ።"

ሊያነሳት ደኅነኛውን እጁን ዘረጋ። እሷ መሬቱን ተደግፋ ራሷ ተነሳች። ልመናው የተሰማለት ሰው ይመርቃል፤ ሥርዓቱ እንደዚያ ነው። ሁሉም ምርቃቷን ይጠብቃሉ። ሰሊሆም አፏን ከፈተች፣ ቃሉ ግን አልመጣላትም። ዞራ በጭቃ ቀሚሷ መንገዱን ያዘች። ከኋላዋ አንድ አዛውንት አስጋሪ "እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው" ሲል ሰማች።

እንደዚያን ቀን ጠልታው አታውቅም። እንደዚያን ቀን ወድዳውም አታውቅም።